የሥነ ልቦና ባለሙያና የሂፕኖቴራፒስት የሙያ ፈቃድ በካሊፎርኒያ

በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት በክፍያ የሥነ ልቦና አገልግሎት ለመስጠትም ሆነ «ሳይኮሎጂስት» በሚል ስም ለመጠራት የግዛቱ የሙያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ለሂፕኖቴራፒስት፣ ማለትም በሂፕኖሲስ (በተለምዶ «ሂፕኖቲዝም» በሚባለው ዘዴ) ለሚሠራ ሰው ግን ግዛቱ የተለየ ፈቃድ አይሰጥም። ፈቃድ የሌለው ሂፕኖቴራፒስት መሥራት የሚችለው ከፈቃድ ነፃ በሚያደርጉ ጠባብ ድንጋጌዎች ብቻ ነው። ዋናው ድንጋጌ የግዛቱ የንግድና የሙያ ሕግ አንቀጽ 2908 ነው። በዚህ አንቀጽ መሠረት አንድ ዓይነት የሂፕኖሲስ ዘዴ በአንድ ቦታ ሕጋዊ፣ በሌላ ቦታ ወንጀል ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጣው ዘዴው ለምን ዓላማ እንደዋለ፣ ደንበኛው በማን እንደተላከና ሠራተኛው ራሱን በምን ስም እንዳስተዋወቀ ነው።

ታሪክ

በአሜሪካ የሙያ ፈቃድ የሚሰጠው በየግዛቱ እንጂ በፌዴራል መንግሥቱ አይደለም። ስለ ሳይኮሎጂስቶች የመጀመሪያውን ሕግ ያወጣው ኮነቲከት ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1945 ነው። የመጨረሻው ግዛት ሚዙሪ በ1977 ሕግ አወጣ።

በካሊፎርኒያ የመጀመሪያዎቹ ሳይኮሎጂስቶች የግዛቱን የምስክር ወረቀት ያገኙት በ1958 ነው። ያን ጊዜ ሕጉ ይጠብቅ የነበረው ስሙን ብቻ ነበር። ይኸውም ያልተመዘገበ ሰው «ሳይኮሎጂስት ነኝ» ማለት አይችልም እንጂ፣ ሥራውን በሌላ ስም ቢሠራ የሚከለክለው አልነበረም። በ1967 የወጣው የሥነ ልቦና ፈቃድ ሕግ ከስሙ ጋር ሥራውንም በፈቃድ ሥር አደረገ። አንድ ሰው ስሙን ሳይጠቀም ሥራውን ቢሠራ በደንበኛው ላይ የሚደርሰው ጉዳት ያው በመሆኑ ለውጡ አስፈላጊ ነበር።

ሂፕኖሲስም በዚያው ዘመን በሕክምና ዘንድ ተቀባይነት እያገኘ ነበር። የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር ሂፕኖሲስ በሕክምና ውስጥ ቦታ እንዳለው የተቀበለው በ1958 ነው።

የሥነ ልቦና ሥራ ትርጉም

የሥነ ልቦና ሥራ ምን እንደሆነ የሚተረጉመው አንቀጽ 2903 ነው። የሰውን ባሕርይ ለመረዳት፣ አስቀድሞ ለመገመትና ለመለወጥ የሥነ ልቦና መርሆችንና ዘዴዎችን ተጠቅሞ አገልግሎት መስጠት የሥነ ልቦና ሥራ ይባላል። አንቀጹ ከዘርዘራቸው ዘዴዎች መካከል ቃለ መጠይቅ፣ የምክር አገልግሎት፣ ሳይኮቴራፒ፣ ባሕርይን ማረምና ሂፕኖሲስ ይገኛሉ። የአእምሮ ችሎታን፣ ዝንባሌንና ስሜትን የሚለኩ ፈተናዎችን ማዘጋጀት፣ መስጠትና መተርጎምም ይገባበታል።

ስለዚህ ሂፕኖሲስ ከሕጉ ውጭ የቀረ ነገር አይደለም። በትርጉሙ ውስጥ በስሙ ተጠቅሷል። ያለ ፈቃድ የሚሠራበት ሰው ከነፃነት ድንጋጌዎቹ በአንዱ ሥር መግባቱ ግድ ነው።

ፈቃድ ለማግኘት የሚያስፈልጉ ነገሮች

ፈቃዱን የሚሰጠው የካሊፎርኒያ የሥነ ልቦና ቦርድ ነው። አመልካቹ የሚከተሉትን ማሟላት አለበት፦

• በሥነ ልቦና ወይም ሕጉ በሚቀበላቸው ተዛማጅ ዘርፎች የዶክትሬት ዲግሪ፤
• በተቆጣጣሪ ባለሙያ ሥር የተሠራ 3,000 ሰዓት የሥራ ልምድ፣ ከዚህም ቢያንስ 1,500 ሰዓቱ ከዶክትሬቱ በኋላ፤
• በአሜሪካና በካናዳ የሚሰጠውን የሥነ ልቦና ሙያ ፈተና ማለፍ፤
• የካሊፎርኒያን የሥነ ልቦና ሕግና ሥነ ምግባር ፈተና ማለፍ፤
• የጣት አሻራ ሰጥቶ የወንጀል ሪከርድ ማስመርመር፤
• በሕፃናት ላይ ስለሚፈጸም ጥቃት፣ በትዳር ጓደኛ ላይ ስለሚደርስ ጥቃት፣ ስለ አልኮልና አደንዛዥ ዕፅ ሱስ እንዲሁም ራስን የማጥፋት አደጋን ስለመለየት የተወሰኑ ትምህርቶችን መውሰድ።

ፈቃዱ በየ2 ዓመቱ ይታደሳል። ለእድሳቱም 36 ሰዓት ተከታታይ ትምህርት ይጠየቃል።

ከአሜሪካና ከካናዳ ውጭ የተማረ ሰው ዲግሪው ከአሜሪካ ዶክትሬት ጋር እኩል መሆኑን ቦርዱ በሚቀበለው የትምህርት ማስረጃ ገምጋሚ ድርጅት ማስመስከር አለበት። ለምሳሌ ከኢትዮጵያ በሥነ ልቦና የማስተርስ ዲግሪ ይዞ የመጣ ባለሙያ በዚያ ዲግሪ ብቻ የሳይኮሎጂስት ፈቃድ አያገኝም።

ሌሎች ፈቃዶች

የአእምሮ ጤና ሥራ የሚሠሩ ሁሉ ሳይኮሎጂስቶች አይደሉም። የአእምሮ ሐኪም (ሳይካትሪስት) የሕክምና ዶክተር ስለሆነ ፈቃዱ የሐኪም ፈቃድ ነው። የትዳርና የቤተሰብ ቴራፒስት፣ ክሊኒካል ሶሻል ወርከርና ክሊኒካል አማካሪ ፈቃድ የሚያገኙት ከሌላ ቦርድ፣ ከካሊፎርኒያ የባሕርይ ሳይንስ ቦርድ ነው። ለእነዚህ የማስተርስ ዲግሪ መነሻ ሊሆን ይችላል። በእንዲህ ያለ ፈቃድ የሚሠራ ባለሙያ በሙያው ወሰን ውስጥ ሂፕኖሲስን መጠቀም ይችላል።

ያለ ሳይኮሎጂስት ፈቃድ መሥራት የሚችሉ

ሕጉ የሚከተሉትን ነፃ ያደርጋል፦

• የትምህርት ቤት ሳይኮሎጂስት፦ የመምህራንን የሙያ ማረጋገጫ ከሚሰጠው የግዛቱ ኮሚሽን ተገቢውን ማረጋገጫ ይዞ በትምህርት ቤት ሥራው ውስጥ ሲሠራ፤
• በዩኒቨርሲቲ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት ወይም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ፦ ሕጉ ባስቀመጠው ገደብና በተቀጠረበት ሥራ ውስጥ ብቻ፤
• ተማሪና ተለማማጅ፦ በትምህርቱ አካል በሆነ ክትትል ሥር፤
• ከሌላ የአሜሪካ ግዛት ወይም ከካናዳ በዶክትሬት ደረጃ ፈቃድ ያለው ሳይኮሎጂስት፦ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ30 ቀን ላልበለጠ ጊዜ፤
• በአንቀጽ 2908 የተጠቀሱ ሌሎች ሙያዎች፦ ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ ጠበቆች፣ ከላይ የተገለጹት ቴራፒስቶችና ሌሎችም በየራሳቸው ሕግ ወሰን ውስጥ፤
• ቀሳውስትና ሌሎች በሥርዓት የተሾሙ የሃይማኖት አገልጋዮች፤
• ሕጉ ባስቀመጣቸው ሁለት መንገዶች ሂፕኖሲስን የሚጠቀሙ ሰዎች።

በሎስ አንጀለስም ሆነ በሌላ የካሊፎርኒያ ከተማ የንስሐ አባት ልጆቹን ቢመክር፣ የተጣሉ ባልና ሚስትን ቢያስታርቅ የሥነ ልቦና ፈቃድ አይጠየቅም። የአንቀጽ 2908 ነፃነት ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ የታሰረ ነው። ከእነዚህ ማንኛቸውም ለሕዝብ በሚያስተዋውቁት ማዕረግ ወይም አገልግሎት ላይ «ሳይኮሎጂስት»፣ «ሳይኮሎጂ» ወይም «ሳይኮሎጂካል» የሚሉትንና መሰል ቃላትን መጠቀም፣ የሳይኮሎጂስት ፈቃድ እንዳላቸው አድርገው ራሳቸውን ማቅረብም አይችሉም።

ሂፕኖቴራፒስቶች

ለሂፕኖሲስ የተተዉት ሁለቱ መንገዶች እነዚህ ናቸው።

በሪፈር የሚመጣ ደንበኛ

የሕክምና፣ የጥርስ ሕክምና ወይም የሥነ ልቦና ፈቃድ ያለው ባለሙያ ደንበኛውን ከላከው፣ ፈቃድ የሌለው ሰው በሂፕኖሲስ ዘዴዎች ሊያገለግለው ይችላል። ሕጉ ላኪ ብሎ የጠቀሳቸው እነዚህን ሦስት ሙያዎች ብቻ ነው። የቀድሞ ደንበኛ፣ ጓደኛ ወይም የሃይማኖት አባት «እሱ ጋ ሂድ» ማለቱ ሕጉ የሚለው ሪፈር አይደለም።

ራስን ለማሻሻል

ሁለተኛው መንገድ ሪፈር አያስፈልገውም። ሂፕኖሲሱ በሥራ ወይም ከሥራ ውጭ ባለ እንቅስቃሴ ራስን ለማሻሻል የሚውልና ለስሜት ወይም ለአእምሮ ሕመም ሕክምና የማያቀርብ መሆን አለበት። አንቀጹ ምሳሌ አይዘረዝርም። ይሁንና በአነጋገሩ ሲታይ፣ አንድ ስፖርተኛ ትኩረቱን እንዲሰበስብ ወይም አንድ ሻጭ በሰው ፊት ሲናገር እንዲደፍር መርዳት በዚህ ውስጥ ይገባል። የመንፈስ ጭንቀትን፣ ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣ ሕመምን ወይም የመብል መዛባትን «አክማለሁ» ማለት ግን ከዚህ ይወጣል።

በመካከል ያሉ ጉዳዮችም አሉ። ሲጋራ ለማቆም የሚፈልግ ሰው ልማድ መቀየር የፈለገ ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ በሕክምና የሚታወቅ የሱስ ሕመም ያለበትም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለመለየት ምርመራ ያስፈልጋል። ፈቃድ የሌለው ሂፕኖቴራፒስት ደግሞ ምርመራውን ለማድረግ ሥልጣን የለውም። ከሪፈር ጋር መሥራት የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

የሂፕኖሲስ ትምህርት ቤቶችና ማኅበራት «የተመሰከረለት ሂፕኖቴራፒስት» የሚል የምስክር ወረቀት ይሰጣሉ። ወረቀቱ ትምህርት መወሰዱን ያሳያል እንጂ የግዛቱ ፈቃድ አይደለም። የነፃነቱንም ወሰን አያሰፋም።

ለደንበኛው በጽሑፍ ማሳወቅ

በ2002 ወጥቶ ከጥር 2003 ጀምሮ የጸናው ሕግ (አንቀጽ 2053.5 እና 2053.6) ፈቃድ የሌላቸው የአማራጭ ሕክምና ሠራተኞችን ይመለከታል። እነዚህ ሠራተኞች ያለ ፈቃድ ሕክምና ሠርተዋል ተብለው እንዳይከሰሱ ደንበኛቸውን አስቀድመው በጽሑፍ ማሳወቅ አለባቸው። ጽሑፉ የሚከተሉትን ይይዛል፦

• ሠራተኛው ፈቃድ ያለው ሐኪም አለመሆኑን፤
• አገልግሎቱ በግዛቱ ፈቃድ ከተሰጣቸው የሕክምና አገልግሎቶች አማራጭ ወይም አጋዥ መሆኑን፤
• አገልግሎቱ በግዛቱ ፈቃድ ያልተሰጠው መሆኑን፤
• የአገልግሎቱን ዓይነትና የተመሠረተበትን ሐሳብ፤
• የሠራተኛውን ትምህርት፣ ሥልጠናና የሥራ ልምድ።

ደንበኛው ይህን ማወቁን በፊርማው ያረጋግጣል። የፊርማው ወረቀት ቅጂ ለደንበኛው ይሰጣል፤ ሠራተኛውም ለ3 ዓመት ያስቀምጠዋል። ማስታወቂያ የሚያወጣ ከሆነ በማስታወቂያው ላይ በግዛቱ ፈቃድ የተሰጠው የጤና ባለሙያ አለመሆኑን መግለጽ አለበት። መረጃው ደንበኛው በሚረዳው ቋንቋ መቅረብ ስላለበት፣ እንግሊዝኛ ለማይረዳ አማርኛ ተናጋሪ በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ ወረቀት ማስፈረም ግዴታውን አያሟላም።

ወረቀቱ የተሟላ ቢሆንም የተከለከሉ ነገሮች አሉ። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት እንዲያቆም ደንበኛን መምከር አንዱ ነው። በከባድ የአካል ጉዳት፣ በከባድ የአእምሮ ሕመም ወይም በሞት አደጋ ላይ በሚጥል ሁኔታ ሕመምን መመርመርና ማከምም ክልክል ነው። በተጨማሪም ይህ ሕግ የሚከላከለው ያለ ሐኪም ፈቃድ ሠርተሃል ከሚል ክስ ነው። ሂፕኖቴራፒስቱ የሥነ ልቦና ፈቃድ ሕጉን፣ ማለትም አንቀጽ 2908ን፣ ለብቻው ማክበር ይኖርበታል።

ሂፕኖሲስ በፍርድ ቤት

በ1982 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «ሕዝብ በሸርሊ ላይ» በተባለው ጉዳይ፣ ትዝታን ለመመለስ ሂፕኖሲስ የተደረገለት ምስክር በአጠቃላይ በዚያው ጉዳይ መመስከር እንደማይችል ወሰነ። ምክንያቱ ሂፕኖሲስ ያልነበረ ትዝታ ሊፈጥርና ምስክሩን በዚያ ትዝታ ያለ ልክ እርግጠኛ ሊያደርገው መቻሉ ነው።

ከዚያ በኋላ የወጣው የማስረጃ ሕግ አንቀጽ 795 በወንጀል ጉዳዮች ክልከላውን በመጠኑ አላላ። ምስክሩ መናገር የሚችለው ከሂፕኖሲሱ በፊት ያስታወሰውንና የተናገረውን ብቻ ነው። ያም አስቀድሞ በጽሑፍ፣ በድምፅ ወይም በምስል መቀመጥ አለበት። ሂፕኖሲሱ በቪዲዮ ይቀረጻል፤ ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግ ወይም ተከላካይ በቦታው አይገኝም። የሚያካሂደውም በሂፕኖሲስ ልምድ ያለው ፈቃድ ያለው ሐኪም፣ ሳይኮሎጂስት ወይም ሕጉ የጠቀሰው ሌላ ፈቃድ ያለው ቴራፒስት መሆን አለበት። በአንቀጽ 2908 ነፃነት የሚሠራ ሰው በዚህ ውስጥ ቦታ የለውም።

ምስጢርን በሚመለከትም ልዩነት አለ። ታካሚ ለሳይኮቴራፒስቱ የነገረው ነገር በፍርድ ቤት እንዳይገለጥ የሚጠብቅ መብት በማስረጃ ሕጉ አለ። በሕጉ የሳይኮቴራፒስቶች ዝርዝር ውስጥ ግን ፈቃድ የሌለው ሂፕኖቴራፒስት አልተካተተም።

ቅጣትና አቤቱታ

የሥነ ልቦና ፈቃድ ሕጉን መጣስ ቀላል ወንጀል ሲሆን፣ እስከ 6 ወር እስራት ወይም እስከ 2,000 ዶላር መቀጮ ወይም ሁለቱንም ያስከትላል።

ፈቃድ ያለው ሳይኮሎጂስት ሲያጠፋ ቦርዱ መርምሮ ፈቃዱን ሊያግድ ወይም ሊሰርዝ ይችላል። ፈቃድ የሌለው ሂፕኖቴራፒስት ግን የሚሰረዝ ፈቃድ የለውም። ቦርዱ ያለ ፈቃድ ስለመሥራት የሚቀርብ አቤቱታ ይቀበላል። ነገር ግን ሂፕኖቴራፒስቱ በነፃነቱ ወሰን ውስጥ ሆኖ አገልግሎቱ መጥፎ ቢሆን፣ ለደንበኛው የሚቀረው በዋናነት የፍትሐ ብሔር ክስ ነው። የ2002 ሕግም በቸልተኝነት ለደረሰ ጉዳት የመክሰስ መብትን አልነካም።

አንድ ሰው ፈቃድ ያለው መሆኑን ማንም ሰው በካሊፎርኒያ የሸማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ በስሙ ወይም በፈቃድ ቁጥሩ ፈልጎ ማየት ይችላል።

በሌሎች ቦታዎች

ሂፕኖሲስን በተመለከተ ሕጎች በጣም ይለያያሉ፦

• ፍሎሪዳ፦ በ1961 በወጣው የሂፕኖሲስ ሕግ መሠረት ለሕክምና የሚውል ሂፕኖሲስ ለጤና ባለሙያዎች ወይም በእነርሱ ኃላፊነት ሥር ለሚሠሩ ብቻ የተፈቀደ ነው።
• እስራኤል፦ በ1984 በወጣው ሕግ መሠረት ሂፕኖሲስ የሚፈቀደው ልዩ ፈቃድ ላላቸው ሐኪሞች፣ የጥርስ ሐኪሞችና ሳይኮሎጂስቶች ነው።
• ብሪታንያ፦ የ1952 የሂፕኖቲዝም ሕግ የሚቆጣጠረው በመድረክ ለመዝናኛ የሚቀርበውን ሂፕኖሲስ ነው። «ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት» የሚለው ስም በሕግ የተጠበቀ ሲሆን፣ «ሳይኮሎጂስት» ብቻውንና «ሂፕኖቴራፒስት» ግን የተጠበቁ አይደሉም።

ደግሞ ይዩ

• ሥነ ልቦና
• ሂፕኖሲስ
• የአእምሮ ጤና
• ካሊፎርኒያ