የድርቅ ካርታው ካሬዎች ከየት መጡ?

የዛሬው ስለ ማዳበሪያም ስለ ተባይም አይደለም። በስልክ ስለምንቀባበለው፣ አንዱን ወረዳ አረንጓዴ ሌላውን ቀይ ስለሚያደርገው የድርቅ ካርታ ነው። ብዙ ሰው ፎቶ ይመስለዋል። ፎቶ አይደለም፤ የስሌት ውጤት ነው። እርዳታና የድርቅ ኢንሹራንስ ሲወሰን እንዲህ ያለ ካርታ ጠረጴዛ ላይ ስለሚቀርብ፣ አመጣጡን ብናውቅ አይጎዳንም።

ከወሎው ረሃብ በኋላ በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ቆይቶም የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥራ ጀመረ። ያኔ መረጃው ከሰው ነበር የሚመጣው፦ ዝናቡ፣ የእህል ዋጋው፣ የከብቱ ሁኔታ። በሰባ ሰባቱ ጊዜ ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ተነግሮ ነበር፤ የዘገየው እርዳታው ነው።

ስሌቱ የመጣው በሌላ በኩል ነው። ፋኦ በ1979 እ.ኤ.አ. አንድ ቀላል ዘዴ አወጣ፦ ሰብሉ በየ10 ቀኑ ስንት ውሃ ፈለገ? ስንትስ አገኘ? ውጤቱ 100 ከሆነ ሰብሉ አልተጠማም፤ ከ50 በታች ከወረደ ምርት እንደሌለ ይቆጠራል።

በ1998 ዓ.ም. የዓለም ምግብ ፕሮግራም ለኢትዮጵያ የድርቅ ኢንሹራንስ ከፈረንሳዩ አክሳ ሪ ገዛ። አረቦኑ 930,000 ዶላር፤ መለኪያው የ26 ሜትሮሎጂ ጣቢያዎች ዝናብ። ለዚህ ሁሉ አገር 26! ዝናቡ ደህና ስለነበር ክፍያ አልመጣም። በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሊፕ የሚባለው ሶፍትዌር መጣ፤ ጣቢያ የሌለበትን ቦታ በሳተላይት የዝናብ ግምት እየሞላ ለየካሬው ያሰላል።

ኮምፒዩተሩ መጀመሪያ የሚያወጣው ካርታ ሳይሆን የቁጥር ዝርዝር ነው፦ ኬክሮስ፣ ኬንትሮስ፣ ውጤት። ይህን ወደ ባለ ቀለም ካሬዎች መለወጥ ራስተር መሥራት ይባላል። እንደ መሶብ ስፌት አስቡት፤ ቆጠራው አንድ ቦታ ከተሳተ ሐረጉ ይዛባል። ዝርዝሩ ከደቡብ ጀምሮ ተጽፎ ሶፍትዌሩ ከሰሜን ጀምሮ ካነበበው፣ የቦረና ድርቅ ትግራይ ላይ ይቀመጣል። መረጃ ያልተገኘበት ቦታ ብዙ ጊዜ -9999 ተብሎ ይሞላል፤ ባለሙያው ይህን ባዶ መሆኑን ሳያስታውቅ አማካይ ካወጣ የወረዳው ውጤት ገደል ገባ ማለት ነው።

ሁሉም በትክክል ቢሠራ እንኳ የካሬው ስፋት አለ። ጎኑ 10 ኪሎ ሜትር የሆነ አንድ ካሬ 10,000 ሄክታር ነው፤ በእኛ ቋንቋ 40,000 ጥማድ። ቆላና ደጋ እዚያ ውስጥ አንድ ቀለም ይሆናሉ። ከዚያ ካሬዎቹ እንደገና በወረዳ ይጠቃለላሉ። አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ ወይም ካዛንቺስ ፎቅ ላይ ስክሪን የሚያይ ባለሙያ ገደል ሥር ያለችውን ማሳችሁን ከየት ያያታል? በእሱ መፍረድ አይቻልም።

የመኸር ግምገማ ቡድን መጥቶ "ካርታው አረንጓዴ ነው" ካላችሁ፣ ካሬው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነና ቆላው ከደጋው ጋር ተደምሮ እንደሆነ ጠይቁ። የደረቀውን ማሳ በስልክ ስታነሱ ሎኬሽን አብሩ፤ የተዘራበትን ቀን ጽፋችሁ ለቀበሌያችሁ የግብርና ባለሙያ ስጡ።