ዋስ የሌለው ድምፅ

በጎንደር ነገሥታት ዘመን አንዲት ባልቴት ከአባቷ የወረሰችውን ርስት ለመሸጥ በቈረጠች ጊዜ፣ ነገሩ ከገዢው ጋር ለብቻ ተነጋግሮ፣ የወርቁን ወቄት ተቀብሎ፣ ወደ ቤት በመመለስ ብቻ የሚፈጸም አልነበረም፤ የደብሩ አለቃና ካህናቱ፣ የሰፈሩ ሽማግሎች፣ የሁለቱም ወገን ዘመዶች በተሰበሰቡበት የሻጭና የገዢ ስም፣ የመሬቱ አዋሳኝና የዋጋው ልክ፣ ቀጥሎም የዋሱና የምስክሮቹ ስም አንድ በአንድ እየተጠራ፣ ከደብሩ መጽሐፍ ኅዳግ ላይ በጸሐፊ እጅ ይሰፍር፣ ውሉንም የሚያፈርስ ሁሉ እንዲወገዝ ግዝት ይታከልበት ነበር። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ደብረ ፀሐይ ቍስቋምን የመሳሰሉ አድባራት ያቆዩልን እንዲህ ያለው መዝገብ፣ ዛሬ ለታሪክ ጸሐፊ የመሬትን ሥሪት የሚገልጽ ምንጭ ሲሆን፣ ለዚያ ዘመን ሰው ግን ከሁሉ አስቀድሞ የደካማው ሰው መጠጊያ ነበር፤ ምክንያቱም ያቺን ባልቴት ሊያታልል የሚነሣ ሰው፣ እርሷን ብቻ ሳይሆን በዙሪያዋ የቆሙትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማታለል ይኖርበታልና።

ይህን ስል የጥንቱን ዘመን የቅዱሳን ዘመን ለማስመሰል አይደለም። ሐሰተኛ ምስክር በጉቦ የሚገዛበት፣ ባለጉልበት የሙት ልጅ ርስት የሚነጥቅበት፣ ዳኛው ለመማለጃ የሚያዳላበት ጊዜ ብዙ እንደ ነበረ፣ ያው መዝገብ ራሱ በየገጹ በተረፉት ክርክሮች ያስረዳል። ነገር ግን ያ ሁሉ ግፍ የሚፈጸመው በአደባባይ ነበርና፣ የተበደለው ሰው ቢያንስ በደለኛው ማን እንደ ሆነ ያውቃል።

ልማደ ሀገራችን ገንዘብን ያህል ነገር በሁለት ሰዎች መካከል ብቻ እንዲያድር አይፈቅድም ነበር። ፍትሐ ነገሥት ስለ ብድር፣ ስለ መያዣ፣ ስለ ዋስትናና ስለ አደራ የደነገገውን ሊቃውንቱ በጉባኤ ቢተረጕሙትም፣ መጽሐፉን አይቶ የማያውቀው ገበሬ ሥርዐቱን በኑሮው ያውቀዋል፤ ዋስ ያልጠራ አይበደርም፤ ዕዳውን ያልከፈለም ከባለገንዘቡ ጋር በቁራኛ ታስሮ አብሮ ይውላል፣ አብሮ ያድራል። በመንገድ ላይ የተጣሉ ሁለት ሰዎች የነጠላቸውን ጫፍ አቋጥረው ወደ ዳኛ ሲሄዱ ማየት የተለመደ ነበር። ዕቁብም እስከ ዛሬ ድረስ ዕጣ የወጣለትን ሰው ዋስ ሳያስጠራ ብሩን አያስረክብም፤ ዳኛው ወንድሙ፣ ጸሐፊው ጎረቤቱ ቢሆኑም እንኳ ያው ነው።

የንጉሥ ስም ራሱ የሚጠራው ሰው እየሰማ ነበር። «ምኒልክ ይሙት!» ብሎ የጮኸ ሰው ባላጋራውን በቆመበት ያስቆመዋል፤ አላፊ አግዳሚውም ዳኛ ወይም ምስክር ለመሆን ይገደዳል። ያ ቃል ኀይል ያገኘው ከንጉሡ ግርማ ብቻ ሳይሆን፣ ጩኸት ከመሆኑም ጭምር ነው፤ በሹክሹክታ ቢነገር ምንም አይሠራም ነበር። የንጉሥ ደብዳቤ ሲመጣም ማኅተሙ ከራስጌው፣ ከጽሑፉ በላይ ታትሞ ስለሚታይ፣ ተቀባዩ ማኅተሙን አይቶ፣ ነጠላውን አደግድጎ፣ ቆሞ ያስነብበዋል። ድምፅም ወረቀትም ብቻውን አይታመንም ነበር ማለት ነው።

በዕቃውማ አበው ፍጹም ተጠራጣሪዎች ነበሩ። በእቴጌ ማሪያ ቴሬዛ መልክ የተቀረጸውና 1780 የሚል የፈረንጅ ዓመት የታተመበት ጠገራ ብር፣ ንግሥቲቱ ከሞተች ከመቶ ዓመት በላይ በኋላም በሀገራችን ገበያ ሲዘዋወር፣ የገጠር ነጋዴ ብሩን ዐይቶ ብቻ ወደ ከረጢቱ አይጨምረውም፤ በመዳፉ አገላብጦ የራስ ጌጧን ዕንቁዎች በጣቱ ይዳስሳል፣ በትከሻዋ ያለውን ማያያዣ ይመረምራል፣ ከምስሏ ግርጌ የተጻፉትን ሁለት የፈረንጅ ፊደላት ይፈልጋል፣ በመጨረሻም ከደንጊያ ላይ ጣል አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል፤ ዕንቁው የተፋቀ፣ ፊደሉ የጠፋ ወይም ድምፁ የደነቈረ ከሆነ፣ ብሩ እውነተኛ ቢሆን እንኳ ይመልሰዋል። ዐፄ ምኒልክ የራሳቸውን መልክና አንበሳውን የያዘ ብር በፓሪስ አስቀርጸው ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ ቢያወጡም፣ ገበሬው ለብዙ ዘመን ያችኑ የለመዳትን ሴት መረጠ። የሚያስገርመው፣ ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በኋላ፣ ጣሊያኖች ሀገራችንን ሊወሩ ሲሰናዱ፣ የመቅረጫውን መብት ከአውስትሪያ አግኝተው ያንኑ ብር በሮም ማተም መጀመራቸው ነው፤ ዕንቁውም፣ ፊደሉም፣ ድምፁም አንዳች ጉድለት አልነበረበትም። ዕቃውን መመርመር ብቻ እንደማይበቃ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም፤ ከማን እጅ እንደ መጣ ደግሞ መጠየቅ ያሻል።

የካቲት 1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ በአዲስ አበባ ሲከፈት፣ ብሩን በማሰሮ አድርጎ ከምድጃ አጠገብ መቅበር የለመደው ሕዝብ በጥርጣሬ ተመለከተው እንጂ አልተሯሯጠበትም። ባንኩ ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ ውል የቆመ የውጭ ሰዎች ድርጅት ነበርና፣ ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አልነበረም። በ1923 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ባንክ፣ ከጠላት ወረራ በኋላም በ1935 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ እየተተካ፣ በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የወረቀት ብር ወጥቶ ጠገራን ከሥራ ሲያስወጣ፣ ባንክ ቤት ቀስ በቀስ የከተማ ሰው መዝገበ ንብረት ሆነ። ያም ሆኖ የጥንቱ ሥርዐት ከባንኩ ደጃፍ አልቀረም፤ ሽማግሌው ፎቶግራፋቸው የተለጠፈበትን የቁጠባ ደብተር ይዘው ይቀርባሉ፤ ገንዘብ ከፋዩ ቀና ብሎ ፊታቸውን ከፎቶግራፉ ያስተያያል፤ መጻፍ የማይችሉ ከሆነ አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረው ሲያትሙ፣ ሌላው ሠራተኛ አጠገባቸው ቆሞ ያያል።

ሕጉም ይህንኑ አጸናው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በጽሑፍ መሆን ያለበት ውል በሁለት ምስክሮች ፊት እንዲረጋገጥ ካዘዘ በኋላ፣ በ1728ኛው አንቀጽ፣ ዐይነ ስውር ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ያኖረው የጣት ምልክት፣ ውል ለመቀበል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ በቀር እንደማያስገድደው ደነገገ። በእኔ ግምት ይህ ስለ ደካሞች ከተጻፉት ሕጎቻችን ሁሉ የላቀው ነው፤ የጎንደሯ ባልቴት ምስክሮች፣ የካህናቱ ጉባኤ፣ የአለቃው ሥልጣን፣ ሁሉም በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ገብተዋል።

ታዲያ ይህን ያህል ጥንቁቅ የነበረ ሕዝብ በምን ተሸነፈ? በስልክ።

ስልክ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ሀገራችን ሲገባ፣ አንዳንድ ካህናት ሰው ሳይታይ የሚናገረውን ድምፅ የሰይጣን ነው ብለው እንደ ተቃወሙ በሰፊው ይተረካል። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ሽቦው ከሐረርጌና ከየጠቅላይ ግዛቱ እየተዘረጋ ሲመጣ ጥቅሙን ስላወቁ ወደ ኋላ አላሉም፤ የስልክ ድምፅም የመንግሥት ድምፅ ሆነ። በእነዚያ ቤተ ክህነት ሰዎች መሳቅ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ጥያቄያቸው፣ ይኸውም ፊቱ ሳይታይ የሚናገረው ማን ነው የሚለው፣ ከዛሬው ዘመን ጥያቄ ጋር አንድ ነው። በዚያን ጊዜ መልስ ነበረው፤ በመካከል የተቀመጠው ቴሌፎነኛ መስመሩን በእጁ ሲያገናኝ፣ ከየት እንደሚደወልና ማን እንደሚፈልግ ያውቅ፣ ብዙ ጊዜም ድምፁን ለይቶ ያውቅ ነበርና። የመሣሪያው አሠራር ሲራቀቅ ያ ሦስተኛ ሰው ቀረ፤ የቴሌፎኑ ድምፅ ያገኘው ክብር ግን አብሮ አልቀረም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። በ1969፣ በ1990 እና በ2013 ዓ.ም. የብር ኖት ሲለወጥ፣ በሣጥንና በፍራሽ ሥር ያኖሩ አረጋውያን ሁሉ አሮጌውን በአዲስ ለመለወጥ ወደ ባንክ መሄድ ግድ ሆነባቸው፤ በመጨረሻው ለውጥ ጊዜ ብዙዎቹ የሒሳብ ቁጥር አወጡ፤ በዚያው በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ወር ቴሌብር የተባለው የስልክ ገንዘብ አገልግሎት ሥራ ጀመረ፤ ባንኮችም ሒሳቡን በእጅ ስልክ አደረጉት። በቀለም የተነከረው አውራ ጣት በጥቂት አኃዞች ተተካ፤ እነዚያ አኃዞች ግን በማንም ፊት የሚረጋገጡ አይደሉም፤ የነካቸው ሁሉ ባለቤቱ ነው።

አታላዩም የሚመጣው በዚህ በር ነው። ነገሩ ከሞላ ጐደል እንዲህ ይሆናል። «እማማ፣ እንደምን ዋሉ? ከባንክ ነው የምንደውለው፤ ሒሳብዎ ሊዘጋ ስለ ሆነ አሁን በስልክዎ የገባውን ቁጥር ያንብቡልኝ» ይላል በጨዋ ድምፅ። «እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ፤ መነጽሬ የለም፣ ቆይ የልጅ ልጄን ልጥራት» ይላሉ። «አይ እማማ፣ ጊዜ የለም፤ ደግሞም የባንክ ምሥጢር ስለ ሆነ ለማንም እንዳይናገሩ።» ሌላ ቀን ሎተሪ ደርሶዎታል ይላል፤ ሌላ ቀን ደግሞ ገንዘብ በስሕተት ገብቶልዎታልና ይመልሱልን ብሎ ራሱ የጻፈውን የሐሰት መልእክት ይልካል። በአሜሪካ ከልጆቻቸው ጋር ለሚኖሩ አረጋውያን ደግሞ ያው ድምፅ የሶሻል ሴኩሪቲ ሹም ነኝ ብሎ፣ ቁጥርዎ ታግዷልና መቀጮውን በስጦታ ካርድ ይክፈሉ ይላል። ተረቱ ይለዋወጣል፤ «ለማንም እንዳይናገሩ» የሚለው ቃል ግን አይለወጥም።

የማታለሉ ሥር እዚህ ላይ ነው። በአደባባይ የንጉሥን ስም የጠራው ሰው ምስክር ይሰበስብ ነበር፤ የባንክን ስም በጆሮ የሚጠራው ይህ ሰው ግን ምስክር ያባርራል። እኒያ እናት የተታለሉት ሞኝ ስለ ሆኑ አይደለም፤ ለሹም ድምፅ መነሣትን፣ ለጨዋ ሰው በጨዋነት መመለስን፣ በደወለ ሰው ላይ ስልክ አለመዝጋትን እንደ ምግባር ስለ ተማሩ ነው። ጠገራውን ከደንጊያ ላይ የሚያስጮኸው አባታቸው ያስተማራቸው ጥርጣሬ ለዕቃ እንጂ ለሰው አልነበረም።

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለውን ማታለል በግልጽ ይቀጣል፤ ቅጣት ግን አጥፊውን ካገኙት በኋላ ነው፤ ገንዘቡም አስቀድሞ ከአንዱ ሒሳብ ወደ ሌላው ተዘዋውሮ ወጥቶ ያልቃል። ልጆች ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ ሌላ ስሕተት ይሄዳሉ፤ ስልኩን ከእናታቸው ይነጥቃሉ፣ የምሥጢር ቁጥሩን ራሳቸው ይይዛሉ፣ እናትየዋንም በገንዘባቸው ላይ እንግዳ ያደርጓቸዋል። ይህ ጥበቃ ሳይሆን ሌላ ንጥቂያ ነው፤ ደግሞም በገዛ ዘመዳቸው የተዘረፉ አረጋውያን በማይታወቅ ደዋይ ከተዘረፉት የሚያንሱ አይመስለኝም። የድሮው ምስክር አዋሳኝ ቆጣሪ እንጂ የርስቱ ባለቤት አልነበረም፤ ዛሬም የሚያስፈልገው ሦስተኛ ሰው እንዲሁ ያለ ነው።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ ወላጆችህ በሕይወት ካሉ፣ አብረሃቸው ተቀመጥና፣ ስለ ገንዘብ የሚደውል ማንም ቢሆን «ልጄን ጠይቄ እመልስልሃለሁ» ብለው ስልኩን እንዲዘጉ፣ መዝጋቱም ነውር እንዳልሆነ ደጋግመህ ንገራቸው። የዕለት ወጪያቸውን በአንድ ሒሳብ፣ የዕድሜያቸውን ቁጠባ ደግሞ ከስልክ ጋር ባልተያያዘ በሌላ ሒሳብ እንዲያኖሩ፣ የኋለኛውም በደብተርና በአካል ብቻ እንዲወጣ ከቅርንጫፉ ጋር ተነጋገርላቸው። በዕድሩ ስብሰባ፣ ከቅዳሴ በኋላም በዐውደ ምሕረት፣ ሽማግሎቹ ራሳቸው ይህን ነገር እንዲያነሡት አድርግ፤ ከልጅ ቃል ይልቅ የእኩያ ቃል ይሰማልና። ክፉው ነገር ከደረሰም በመጀመሪያ አትቈጣቸው፤ በዚያችው ሰዓት ባንኩ ሒሳቡን እንዲያግድ ደውል፤ ቀጥለህም ወደ ፖሊስ ሂድ። ባንክ የምሥጢር ቁጥር በስልክ አይጠይቅም፤ ይህን ዛሬ ማታ ለእናትህ ንገር።