ማሲንቆ የፈራው ግራዚያኒ

መንዝ ሰርግ የሄደ ሰው አዝማሪው ዳስ ሲገባ የሚሆነውን ያውቃል። ታዳሚው ግጥም ይሰጣል፣ እሱ ተቀብሎ በማሲንቆ ያዜማል። ፊት ለፊት የማይባለው እዚያ ይባላል፤ የተነካውም ስቆ ያልፋል።

ግራዚያኒ ግን አልሳቀም። ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ አንድ ወር በኋላ፣ በመጋቢት 1929 ዓ.ም.፣ ወደ ሮም ቴሌግራም ላከ። የጣሊያን አገዛዝ ሊያበቃ ነው ብለው ያስወራሉ ያላቸው ጠንቋዮች፣ ንግርት ተናጋሪዎችና እየዘፈኑ የሚተርኩ ሰዎች ተይዘው እንዲገደሉ ማዘዙን ገለጸ። እስከዚያ ቀን 70 ተገድለዋል ይላል። አውሮፕላንና መርዝ ጋዝ የያዘ ጦር የፈረስ ጭራ የተወጠረባትን ማሲንቆ ፈራ!

በእኔ እምነት ፍርሃቱ ሞኝነት አልነበረም። ጋዜጣ በማይደርስበት ደጋ ወሬ የሚዞረው በገበያና በሰርግ ነው። እነ ራስ አበበ አረጋይ የተዋጉትም በዚሁ በመንዝና በመርሐቤቴ ገደላገደል ነው።

ከ20 ዓመት በኋላ አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን መንዝ ተቀምጦ የሰዉን ኑሮና ባለ ሁለት ትርጉም ንግግሩን አጠና። «ሰምና ወርቅ» የተባለው መጽሐፉ በ1965 እ.ኤ.አ. ታተመ።

እኛስ? «አዝማሪ»ን ስድብ አድርገነዋል። ባለፈው ጥር መሐል ሜዳ አካባቢ ሰርግ ሄጄ ነበር። ስፒከሩ ዳሱን ያናውጠዋል። አዝማሪው ማሲንቆውን ግድግዳ አስደግፎ፣ ጥግ ላይ ጠላውን ይጠጣል። ግጥም የሚሰጠው ሰው አልነበረም።