ጠጥቶ ማሽከርከር እና በቅጣት ምትክ ሕክምና

በቅጣት ምትክ ሕክምና ማለት ጠጥቶ በማሽከርከር የተከሰሰ ሰው ከመደበኛው ቅጣት ይልቅ በፍርድ ቤት ክትትል ሥር የአልኮል ሱስ ምርመራ፣ ምክርና ሕክምና እንዲከታተል የሚደረግበት አሠራር ነው። ዓላማው ጥፋቱ እንዳይደገም መንስኤውን ማከም ነው።

አሠራሩ ከአገር አገር ይለያያል። በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት መስፈርቱን የሚያሟላ ተከሳሽ የአንድ ዓመቱን መርሐ ግብር ከፈጸመ ክሱ ይሰረዛል። በብሪታንያ ግን የተሃድሶ ትምህርቱ የመንዳት እገዳውን እስከ ሩብ ያሳጥራል እንጂ የጥፋተኝነት ፍርዱን አያስቀርም።

በኢትዮጵያ ለዚህ የሚቀርበው በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የያዘው የፈተና ጊዜ ነው። ሕጉ በወላይታ ሶዶም ሆነ በአዲስ አበባ እኩል ይሠራል። በአንቀጽ 191 መሠረት ቀድሞ ያልተቀጣ ሰው ወንጀሉ ከ3 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት የሚያስቀጣ ሲሆን፣ ፍርድ ቤቱ ቅጣት ሳይወስን በፈተና ሊያቆየው፣ ከመጠጥ እንዲታቀብም ሊያዝዘው ይችላል።

ሰክሮ በማሽከርከር ሰው መግደል ግን ከዚህ አንቀጽ ውጭ ነው፤ አንቀጽ 543 ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደነግጋል። ስለዚህ ሕክምናው የሚጠቅመው አደጋ ከመድረሱ በፊት ነው።