ቀድሞ የሚደርስ ደብዳቤ፦ የአሜሪካ ስመ ጥር ኮሌጆች የቅድሚያ ምልክትና የአመልካቾች ሥጋት

በዩናይትድ ስቴትስ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በመፈጸም ላይ ያለ ወጣት ወደ ስመ ጥር ኮሌጅ ለመግባት ባመለከተ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ከትምህርቱ ይልቅ የሚከብደው መልሱን መጠበቁ ነው። በመደበኛው ሥርዓት ማመልከቻው በጃንዋሪ መጀመሪያ ገደማ ይገባል፤ መልሱ በማርች መጨረሻ ገደማ ይገለጻል፤ ተማሪውም የመረጠውን ኮሌጅ እስከ ሜይ 1 ድረስ ያሳውቃል። ውሳኔው በፖስታ ብቻ ይላክ በነበረበት ዘመን፣ የመመዝገቢያ ቅጾችን የያዘ ወፍራም ፖስታ የምሥራች፣ አንድ ገጽ ብቻ የያዘ ስስ ፖስታ ደግሞ የመርዶ ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። ይሁን እንጂ ይህን የጥበቃ ጊዜ አመልካቾች ሁሉ እኩል አልተሸከሙትም። ለአንዳንዶቹ ዕድላቸውን የሚያመለክት ምልክት ከወራት በፊት ይደርሳቸው ነበር። ይህ የቅድሚያ ምልክት እንዴት እንደ ተጀመረ፣ ማንን እንደ ጠቀመና የማንን ሥጋት እንዳባባሰ መመርመር፣ ተማሪዎችን ለከፍተኛ ትምህርት ለሚያዘጋጅ ሁሉ ጠቃሚ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት እንደ ሃርቫርድ፣ ዬልና ፕሪንስተን ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች ከጥቂት የግል አዳሪ ትምህርት ቤቶች ጋር የቆየ ትስስር ነበራቸው። ምንም እንኳ በ1920ዎቹ ዓመታት የአይሁድ ተማሪዎችን ቁጥር ለመቀነስ ታስቦ የአመልካቹ ጠባይና የቤተሰቡ ሁኔታ ከመመዘኛው ውስጥ እንዲገባ ቢደረግም፣ ከእነዚያ ትምህርት ቤቶች ለሚመጣው ወጣት በሩ በአብዛኛው ክፍት ነበር። የ1944ቱ የቀድሞ ወታደሮች ሕግ ግን ከ2 ሚሊዮን በላይ ከጦር ሠራዊቱ የተሰናበቱ ሰዎችን ወደ ኮሌጅ አስገባ። በ1926 የተጀመረው ኤስ.ኤ.ቲ. የተባለው ፈተናም፣ በሩቅ ስቴት ያለ ተማሪ ከማያውቀው ኮሌጅ ዘንድ በውጤቱ እንዲታወቅ መንገድ ከፈተ። አንድ ተማሪ ለብዙ ኮሌጆች ማመልከት በጀመረ ጊዜ ግን ሥጋቱ የሁለት ወገን ሆነ፤ ተማሪው የሚቀበለውን ኮሌጅ፣ ኮሌጁም የሚመጣለትን ተማሪ አስቀድሞ ለማወቅ ተሳነው።

የመጀመሪያው መፍትሔ የመጣው ከቀድሞው ትስስር ነበር። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ሃርቫርድ፣ ዬልና ፕሪንስተን በሦስት ፊደሎች ይሠሩ ነበር። የቅበላ ሹማቸው የታወቁትን ትምህርት ቤቶች ይጎበኛል፤ ከዚያም ለእያንዳንዱ አመልካች «ኤ»፣ «ቢ» ወይም «ሲ» ይሰጠዋል። «ኤ» መግባቱ የተረጋገጠ ያህል መሆኑን፣ «ቢ» ሊገባ እንደሚችል፣ «ሲ» ዕድሉ የመነመነ መሆኑን ያመለክታል። ይህ ምልክት ከይፋዊው ውሳኔ በፊት ስለሚገለጽ፣ «ኤ» ያገኘው ወጣት ክረምቱን በሰላም ያሳልፋል፤ «ሲ» ያገኘውም ጊዜ ሳያልፍበት ፊቱን ወደ ሌላ ኮሌጅ ይመልሳል። የቅበላ ሹም ደጁን ረግጦት በማያውቅ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማረው ልጅ ግን ፊደል የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ ሳያውቅ እስከ ፀደይ ይጠብቃል።

ከታላላቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በተማሪ የሚሻሙት የኒው ኢንግላንድ ትንንሽ ኮሌጆች ደግሞ በ1950ዎቹ መጨረሻ ሌላ ዘዴ አወጡ። ተማሪው አስቀድሞ ለአንድ ኮሌጅ ብቻ ያመለክታል፤ ከተቀበለውም እንደሚገባ ቃል ይገባል፤ ኮሌጁ በበኩሉ ውሳኔውን ቀደም ብሎ ያሳውቀዋል። ይህ ግዴታ ያለበት የቅድሚያ ውሳኔ ነው። ሃርቫርድ፣ ዬልና ፕሪንስተን በ1970ዎቹ የፊደሉን አሠራር ትተው፣ ማንኛውም አመልካች ቀድሞ መልስ የሚጠይቅበትን፣ ግን ለመግባት የማይገደድበትን ሥርዓት አቋቋሙ። በመሆኑም ቀድሞ በግል ይሰጥ የነበረው ምልክት፣ ቢያንስ በደንብ ደረጃ፣ ለሁሉም ክፍት ሆነ።

ነገር ግን ክፍት የሆነ በር ሁሉ እኩል አያስገባም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ዬል፣ ፕሪንስተንና ስታንፎርድ ግዴታ ወዳለበት ሥርዓት በተሸጋገሩ ጊዜ ሩጫው በረታ። ክሪስቶፈር ኤቨሪ፣ አንድሩ ፌርባንክስና ሪቻርድ ዜክሃውዘር በ1903 ሳይሆን ገና በ2003 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የ14 ኮሌጆችን ከ500,000 በላይ ማመልከቻዎች መርምረው፣ ቀድሞ ማመልከት በኤስ.ኤ.ቲ. ፈተና 100 ያህል ነጥብ የመጨመርን ያህል እንደሚጠቅም አሳዩ። ይህን ጥቅም የሚያገኘው ደግሞ በቂ አማካሪ ያለው፣ የገንዘብ ርዳታ ሳያሳስበው ለአንድ ኮሌጅ ቃል ሊገባ የሚችለው ተማሪ ነው። ርዳታ የሚሻው ግን የተለያዩ ኮሌጆች የሚሰጡትን አነጻጽሮ ለመምረጥ መደበኛውን ጊዜ መጠበቅ ይኖርበታል።

ሥጋቱም ቢሆን ቦታውን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። ቀድሞ ያመለከተው ተማሪ በዲሴምበር አጋማሽ ገደማ ከመቀበልና ከመከልከል ሌላ ሦስተኛ መልስ ሊደርሰው ይችላል፤ ይኸውም ጉዳዩ ወደ መደበኛው ጊዜ መተላለፉ ነው። ቀድሞ በፀደይ ብቻ ይጨነቅ የነበረው ወጣት በበልግም በፀደይም የሚጨነቅ ሆነ። ገና የ17 ዓመት ልጅ ሳለም የትኛውን ኮሌጅ እንደሚወድ ብቻ ሳይሆን፣ አንዱን የቅድሚያ ዕድሉን በየትኛው ላይ ቢያውለው እንደሚያዋጣው ማስላት ግድ ሆነበት።

ከእነዚህ ሥርዓቶች ጎን ለጎን ሌላ ደብዳቤ አለ። አይቪ ሊግ በሚል ስም የታወቁት 8 ዩኒቨርሲቲዎች በመካከላቸው ባለው ስምምነት መሠረት ለስፖርት ችሎታ የነፃ ትምህርት ዕድል አይሰጡም። ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ግን ጥሩ ተጫዋቾችን በገንዘብ ስለሚወስዱባቸው፣ ተፈላጊውን ስፖርተኛ ለመያዝ ቅበላው የሚጠበቅ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከይፋዊው ቀን በፊት ይልካሉ። ይኸው ዘዴ ከፍ ያለ የትምህርት ተስፋ ለታየባቸው ጥቂት አመልካቾችም ይሠራበታል። ደብዳቤው ለደረሰው ዕረፍት ነው። ያልደረሰው ግን፣ አብዛኞቹ ተቀባዮች እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሳያዩ እንደሚገቡ ካላወቀ፣ ዝምታውን እንደ እምቢታ ይተረጉመዋል።

ሥርዓቱን ለማሻሻል ሙከራ አልጠፋም። በ2002 ዬልና ስታንፎርድ ግዴታውን ማንሣታቸውን አስታወቁ። በሴፕቴምበር 2006 ሃርቫርድ፣ ቀጥሎም ፕሪንስተን፣ የቅድሚያ ቅበላ ቀድሞውንም የተመቻቸውን ይበልጥ የሚጠቅም መሆኑን ገልጸው ጨርሰው ተዉት። ሌሎቹ በብዛት አልተከተሏቸውም። አንድ እጅ አያጨበጭብምና፣ ሁለቱም በፌብሩዋሪ 2011 የቅድሚያ ቅበላን እንደ ገና እንደሚጀምሩ አስታወቁ።

የሙያ ማኅበርም የራሱን ድርሻ ሞክሮ ነበር። በ1937 የተመሠረተው የኮሌጅ ቅበላ አማካሪዎች ብሔራዊ ማኅበር በሥነ ምግባር ደንቡ፣ ኮሌጆች ለቅድሚያ አመልካቾች ብቻ የተለየ ማባበያ እንዳይሰጡ፣ ከሜይ 1 በኋላም ለሌላ ኮሌጅ ቃል የገባውን ተማሪ እንዳያግባቡ ይከለክል ነበር። የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ይህ ነፃ ውድድርን ይገታል ስላለ፣ አባላቱ በሴፕቴምበር 2019 እነዚህን አንቀጾች ለመሰረዝ ድምፅ ሰጡ። ተማሪውን ከጥድፊያ ለመጠበቅ የታሰበው ደንብ በገበያ ሕግ ፊት ሳይጸና ቀረ።

በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ምደባ ለብዙ ዓመታት በአገር አቀፍ ፈተና ውጤትና በተማሪው ምርጫ ላይ ተመሥርቶ በማዕከል ሲከናወን ስለ ቆየ፣ እንዲህ ላለ የግል ምልክት ቦታ አልሰጠም። ይህም ሥርዓት የራሱ የጥበቃ ጭንቀት አለበት፤ ነገር ግን ጭንቀቱ በአንድ ቀን ለሁሉም ይገለጣል። የአሜሪካው ታሪክ የሚያስረዳው፣ ቀድሞ የሚነገር ወሬ የአንዱን ልብ ሲያሳርፍ የሌላውን ሊያስጨንቅ እንደሚችል ነው። ስለዚህ አንድ አሠራር ሥጋት ይቀንሳል በተባለ ቁጥር፣ የማንን ሥጋት እንደሚቀንስና ወደ ማን ትከሻ እንደሚያሸጋግረው መጠየቅ የመምህሩና የአማካሪው ፋንታ ነው። ምልክት ላልደረሰው ተማሪም ዝምታ ፍርድ አለመሆኑን አስቀድሞ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል።