ከ«ፀረ ሕዝብ» እስከ «የፖለቲካ ቡድን አባል»

ከሰንጋ ተራ ተነሥቶ ወደ ልደታው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚያቀና ሰው እስከ ግቢው በር ድረስ አባት፣ ነጋዴ ወይም መምህር ነው። ችሎት ሲገባ ግን «1ኛ ተከሳሽ» ይባላል፤ የገዛ ታሪኩንም በሕግ ባለሙያ አንደበት ያደምጣል። በጥንቱ ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቆራኝተው ዳኛ ፊት ይቀርቡ፣ በ«ተጠየቅ» ሙግትም ራሳቸው ይከራከሩ ነበር። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግና ተከታዮቹ ከታወጁ ወዲህ ግን ቃሉ እየዋለ እያደረ ወደ ዐቃቤ ሕግና ወደ ጠበቃ እጅ ገባ።

የዚህ ቃል ሥልጣን ምን ያህል እንደሚከብድ የደርግ ባለሥልጣናት የፍርድ ሂደት ያስረዳናል። በቀይ ሽብር የተገደለውን ወጣት የዘመኑ መንግሥት «ፀረ ሕዝብ»፣ «አናርኪስት» ይለው ነበር፤ ስሙ ራሱ የሞት ፈቃድ ነበር። በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 22 የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ያንኑ ሟች «የፖለቲካ ቡድን አባል» አለው። ለምን ቢሉ፣ እ.ኤ.አ. የ1948ቱ ዓለም አቀፍ ስምምነት የማይጠብቀውን የፖለቲካ ቡድን የእኛ ሕግ አንቀጽ 281 ይጠብቅ ስለነበር ነው። ክሱም «ዘር ማጥፋት» ተባለ፤ ሟቾቹ የተገደሉት ግን በዘራቸው ሳይሆን በፖለቲካ አቋማቸው ነው።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ በአብላጫ ድምፅ ጥፋተኞች ናቸው ሲል፣ አንዱ ዳኛ የደርግ ሕጎች ለፖለቲካ ቡድን የተሰጠውን ጥበቃ ስለሻሩት ወንጀሉ ከባድ የሰው ግድያ ነው በማለት በሐሳብ ተለዩ። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ አስተውል! ክርክሩ ሰው ተገድሏል አልተገደለም የሚል አልነበረም፤ ሟቹ ማን ይባል የሚል ነበር እንጂ። «ልጄ» ብላ የምታለቅሰው እናት ቃል ግን በአንቀጹ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ከወጣ በኋላ ጋዜጠኞችና ፖለቲከኞች ፍርድ ሳይሰጥ «ሽብርተኛ» ሲባሉ ሰምተናል። አዋጁ በ2012 ዓ.ም. በሌላ ተተካ፤ ልማዱ ግን በአዋጅ አይሻርም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ሆኖ ይገመታል ይላል። ይህ ግምት ከቃል ይጀምራል። በክስ ወረቀት ላይ የሰፈረ ስም ገና በማስረጃ የሚፈተን አቤቱታ እንጂ የሰው ማንነት አይደለም። ይህን የዘነጋ ሕግ ዐዋቂ፣ ዳኛው ሳይፈርድ በቋንቋው ፈርዷል።