ሃሪ ፓች

ሃሪ ፓች (ጁን 17 ቀን 1898 – ጁላይ 25 ቀን 2009 እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊ የቧንቧ ሠራተኛ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በምሽግ ውስጥ ከተዋጉት ወታደሮች በሕይወት የቀሩት የመጨረሻው ሰው ነበሩ። የተወለዱት ባዝ ከተማ አጠገብ በምትገኘው ኮም ዳውን ነው።

ወደ ጦሩ የገቡት ወደው አይደለም፤ በ1916 በግዳጅ ተመለመሉ። ቤልጂየም ውስጥ በተካሄደው የፓሼንዴል ውጊያ አምስት ሰው በነበረው የሉዊስ መትረየስ ቡድን ውስጥ ተሰለፉ። ጓዶቹ፣ ካልተገደዱ በቀር ሰው ላለመግደልና እግር እያነጣጠሩ ለመተኮስ ተማምለው ነበር። ሴፕቴምበር 22 ቀን 1917 ሌሊት አንድ የመድፍ ጥይት ፈንድቶ ሦስቱን ገደለ፤ ፓች ሆዳቸው ላይ ቆሰሉ፤ ፍንጣሪው የወጣላቸውም ያለ ማደንዘዣ ነው። እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ የሙታን መታሰቢያቸው ያ ቀን እንጂ መንግሥት የሚያከብረው በዓል አልነበረም።

በ1919 ኤዳን አግብተው ሁለት ወንዶች ልጆች አፈሩ። ወደ 60 ዓመት ገደማ በቆየው ትዳራቸው ስለ ጦርነቱ ለሚስታቸው አንዲት ቃል አለመተንፈሳቸው ከጀብዱው ይልቅ የሚያስገርም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የባዝ እሳት አደጋ ሠራተኛ ነበሩ። ሁለቱንም ልጆቻቸውን ቀብረዋል።

ስለ ጦርነቱ ለመናገር አንደበታቸው የተፈታው 100 ዓመት ከሞላቸው በኋላ፣ በ1998 ነው። በ2004 በጀርመን በኩል የተዋጉትን የ107 ዓመቱን ቻርልስ ኩንትዝን አግኝተው ተጨባበጡ።

በ111 ዓመታቸው አርፈው በዌልስ ካቴድራል ጸሎት ሲደረግላቸው የቤልጂየም፣ የፈረንሳይና የጀርመን ወታደሮች አስከሬኑን አጅበዋል። የጦር መሣሪያ ይዞ የገባ አልነበረም። የተቀበሩት በመንክተን ኮም፣ በቤተሰባቸው መቃብር አጠገብ ነው።